የልጆች ማቆያ ክፍያ ሲጨምር ለወላጅ እንዴት ይነገራል?

ወላጅ ልጁን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ሲጣደፍ አትንገሩት። ልጁ እጁን እየጎተተ፣ የጫማው ክር እንኳ ሳይታሰር ስለ ገንዘብ ማውራት ለማንም አይመችም። መጀመሪያ በጽሑፍ ስጡት፤ አዲሱ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ እንደሚጀምር፣ አሁን ከሚከፍለው በስንት እንደሚበልጥ። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ቢቻል ከሁለት። ውላችሁ ላይ የተጻፈ ጊዜ ካለ እሱን አክብሩ።

ምክንያቱን አታድበስብሱ። «ኑሮ ተወደደ» ብቻ ካላችሁት፣ እሱም ተወዶበታል! ይልቅ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አሳዩት። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ የሞግዚቶች ደመወዝ ነው፤ ጨቅላዎች ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋሉ፣ አንዷ ዳይፐር ስትቀይር ሌሎቹን የሚያይ ሰው የግድ ነው። «ደመወዝ ካልጨመርን ልጅዎ የለመዳት ሞግዚት ልትሄድብን ትችላለች» ብትሉት ቶሎ ይገባዋል። እውነት ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ።

ይቅርታ አታብዙ፣ ድርድር የተከፈተ ይመስለዋል። ከበደኝ ካለ ግን አዳምጡት። ከፋፍሎ መክፈል ወይም ልጁ የሚመጣበትን ቀን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ። ለአንዱ በጓሮ በር ቀንሳችሁ ለሌላው ከጨመራችሁ ወሬው ሳይውል ሳያድር ይደርሳል፤ ወላጆች እርስ በርስ ያወራሉ።