ጠዋት አልነሳም የሚል፣ ሚኒሞ የማይዝ ዲኤክስ፡ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ አሮጌ ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ያለው ኮሮላ ዲኤክስ ለያዛችሁ ነው የምጽፈው። ሚኒሞ የምለው ፔዳል ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ባትሪና ካንዴላ (እሳት የምትሰጠዋን) አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

ክረምት ከሆነ መጀመሪያ የስፒንትሮጀኑን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ክዳን ፈትታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ የጅማ ዝናብ ውስጡ ጤዛ ያስይዘዋል፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ችግር የለውም። ውስጡ ያለው ፑንቲና (እሳቱን የሚቆራርጠው) 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ ይከፈት።

በብርድ ጠዋት ከሆነ ቾኩን ሳቡና የአየር ማጣሪያውን ክዳን ከፍታችሁ ቢራቢሮዋ (ቾኩ ሲሳብ አየር የምትዘጋው) ሙሉ በሙሉ መዘጋቷን በአይናችሁ እዩ፣ ገመዱ ይንሸራተታል። ሲነሳ ደግሞ ቀስ እያላችሁ መልሱት! ከተማችን ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቾክ ረስቶ እስከ አጋሮ የሚነዳ ሰው ካንዴላው ከሰል ሆኖ ይመጣል። ቤንዚን ከሸተታችሁ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ጠጥቷል ማለት ነው፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ያዙና አዙሩ፣ አትደጋግሙ።

ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ውሃ ወይ ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል፣ የካርብሬተሩን ሳህን (ቤንዚን የሚጠራቀምበትን) አፍስሱት። ይሄን ስናገር ሰለቸኝ።

በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል፣ ወይ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል

እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ይሄ ነው። ካርብሬተሩ ሥር አየር እየገባ ነው። ቾኩ ቤንዚን ስለሚያበዛ የሰረቀውን አየር ይሸፍነዋል፣ ሲመለስ ሞተሩ ይራባል። ሰው ግን ምን ያደርጋል፣ ካቻቢቴ ይዞ የሚኒሞዋን ብሎን ይጠመዝዛል፣ መኪናው ይጮኻል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጠዋት ግን ያው ነው።

ሞተሩ እየሰራ ካርብሬተሩ ከማኒፎልድ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ቱቦ) የሚገናኝበት ላይ ዙሪያውን በሲሪንጅ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይ ከተስተካከለ ቀዳዳው እዛ ነው። ቤንዚን እንዳትጠቀሙ፣ ጭስ ማውጫው እዛው ሥር ነው የሚግለው፣ አንዱ ሊያሳየኝ ብሎ ቅንድቡን አቃጥሏል። ከዛ የፍሬን ሰርቮውን (ፍሬን ስትረግጡ የሚያግዘውን) ቱቦ በፒንሳ ጭምቅ አድርጉ፣ ሚኒሞው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ሰርቮው ነው፣ ፍሬኑም ሳይከብዳችሁ አይቀርም፣ ይሄን አታሳድሩት።

አየር የሚገባው ካርብሬተሩ ሥር ከሆነ ካርብሬተሩን አውርዱ። በካርብሬተሩና በማኒፎልዱ መሃል ያለችውን ጥቁር ኢንሱሌተር (ሙቀት የምትከላከለውን) መስታወት ላይ አስቀምጡ፣ ከተወዛወዘች ጠማማ ነች፣ መስታወቱ ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ እስክትስተካከል ፈግፍጓት። ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ከላይም ከታችም አዲስ አድርጉ። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅርጽ በየተራ አጥብቁ፣ ጉልበት አታሳዩ፣ የምታጣምሙት እናንተው ናችሁ።

አንድ መምህር መኪናውን ሦስት ጋራዥ አዙሮ እኔ ጋ አመጣው፣ ካርብሬተር ግዛ ብለውታል። ስፈታው ጓርኒሲዮኑ የጫማ ካርቶን! ቤንዚን ጠጥቶ እንደ ጭኮ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ሲሊኮን ለቅልቆበታል፣ ሲሊኮን በቤንዚን ይልማል፣ ፍርፋሪው የሚኒሞዋን ቀዳዳ ደፍኖት ግማሽ ቀን በአየር ስነፋ ዋልኩ። ሲሊኮን ካርብሬተር አጠገብ እንዳላይ። መርካቶ የሚሸጠውን ስስ ወረቀት ጓርኒሲዮንም አትግዙ፣ ወር አይሞላም።

ከተስተካከለ በኋላም ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ቁልፉን ስትከፍቱ ካርብሬተሩ ላይ ያለችው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚኒሞውን ቤንዚን የምትከፍተው) ጠቅ ትላለች ወይ? ካላለች ሽቦዋን እዩ፣ ነቅሎ በፕላስተር የጠቀለለም አጋጥሞኛል።

በመጨረሻ ሚኒሞው ሞተሩ ሲግል ነው የሚስተካከለው፣ በብርድ የነካ ሁለቴ ይሰራል። የሚክስቸሯን (የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ የምታስተካክለዋን) ብሎን ቀስ ብላችሁ እስክትነካ አስገቧት፣ አታጥብቋት ጫፏ ይበላሻል፣ ሁለት ዙር ተኩል አካባቢ መልሱና ከዛ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ የሚሰራበትን በጆሯችሁ ፈልጉት፣ ሚኒሞውን በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ አድርጉ። ነገ ጠዋት በብርዱ አስነሱና ሞክሩት፣ ዛሬ ማታ ግሎ መስራቱ አያታልላችሁ።