የፍላጻ ጫፍ ፍለጋ በቴክሳስ የግል መሬት፦ ጉድጓዱ የማይሰጥበት ምክንያትና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ በማዕከላዊ ቴክሳስ፣ ኤድዋርድስ በተባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ላይ፣ የጥንት ሰዎች ከባልጩት የቀረጹትን የፍላጻና የጦር ጫፍ ፍለጋ ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይዘው ለሚቆፍሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በግል መሬት ውስጥ የሚገኝ ዕቃ በዚያ አገር የመሬቱ ባለቤት ንብረት ስለሆነ ማን ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ መንግሥት ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነውና ይህን ልምድ ይዞ አገር ቤት መሞከር አይገባም።

ምልክት፦ እስከ ወገብ ተቆፍሮ አንድም የባልጩት ፍንካች አልተገኘም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አፈሩ በቅርብ ዘመን ጎርፍ የመጣ ደለል መሆኑ ነው። ጀማሪዎች ለአካፋ ስለሚለሰልስ ከውሃው አጠገብ ያለውን ዝቅተኛ ሜዳ ይመርጣሉ። መፍትሄው ጎርፍ ወደማይደርስበት፣ ምንጭ ወደሚቀርበውና ባልጩት ከኖራው ድንጋይ ወጥቶ ወደሚታይበት ከፍ ያለ ደልዳላ መውጣት ነው። አንድ ጫፍ ሲቀረጽ እጅግ ብዙ ፍንካች ስለሚረግፍ፣ ፍንካች በሌለበት ጫፍ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ምልክት፦ ቅርፊቱ ያልተላጠ ትልልቅ ባልጩት ብቻ ይወጣል።

ቦታው ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ እንጂ የተኖረበት አይደለም፤ ጎርፍ በማይደርስበት በኩል ወደ ውሃው መቅረብ ይሻላል።

ምልክት፦ የሚገኘው ሁሉ ጠርዙ የተሟለጠ ነው።

ወንዝ ያንከባለለው ነው፤ የመጣበት ቦታ ከዚያ ወደ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በቴክሳስ ሕግ ከአፉ፣ ማለትም ከሚያበቃበት ጀምሮ ወደ ላይ በአማካይ 30 ጫማ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወንዝ ለመጓጓዣ የሚያገለግል ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ሁለቱም ዳርቻዎች የአንድ ሰው ቢሆኑ እንኳ መሬቱ ውስጥ የሚያልፈው የወንዝ ወለል የመንግሥት ሊሆን ይችላል። የባለቤቱ ፈቃድ ወንዙ ውስጥ አያገለግልም።

ምልክት፦ አፈሩ ጥቁርና ቅባታም ነው፤ ፍንካቹ በሽ በሽ ነው፤ የሚገኘው ጫፍ ግን ሁሉም ስባሪ ነው።

አብዝቼ የምጠየቀው ስለዚህ ነው። የጥንት ነዋሪዎች ጉድጓድ ምሰው፣ የኖራ ድንጋይ በእሳት አግለው፣ ሶቶል የተባለውን የበረሃ ተክልና ልዩ ልዩ ሥራ ሥር አዳፍነው ሲያበስሉ፣ የተሰነጠቀው ድንጋይ ከከሰሉና ከአመዱ ጋር ለብዙ ዘመን እየተከማቸ ጉብታ ሆኗል። ጉብታው ከሩቅ ስለሚታይ የዛሬ ቆፋሪ ብቻ አላየውም፤ የቀደሙት አይተውት፣ ሙሉውን ጫፍ ወስደው፣ ስባሪውን ከአፈሩ ጋር ወደ ኋላቸው ጥለውታል። እንግዲህ ዛሬ በወንፊት የሚነፋው የሰው ትራፊ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አያደርገውም። ጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ አንዱ ግድግዳ በግንበኛ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ይላጥ። ያልተነካ አፈር ንብርብሩ ይለያል፤ ጠፍጣፋ ድንጋዮቹም ጋደም ብለው ይገኛሉ። የተገለበጠ አፈር ግን ይፈረካከሳል፤ ጥቁሩና ቢጫው ተደባልቆ ዥጉርጉር ይሆናል፤ ድንጋዩም በየአቅጣጫው ቆሞ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ሰዎች ወገብ በሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው «ያልተነካ ነው» እያሉ ሲከራከሩ ወንፊቱ ላይ ተነቃይ የቢራ ጣሳ ቀለበት ወደቀ። እንዲህ ያለው ቀለበት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት ስላልነበረ ክርክሩ በዚያው አበቃ። የቀን ክፍያ ተቀብለው የሚያስቆፍሩ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ አንዴ የተነፋውን አፈር በእስካቫተር ገልብጠው ለሚቀጥለው እንግዳ ያቀርባሉ፤ ይባስ ብሎም አዲስ የተቀረጸ ጫፍ ይቀብሩበታል። ጠርዙ እጅን የሚቆርጥ፣ በጭረቶቹ ውስጥ አፈር ያልተጋገረበት ሙሉ ጫፍ ከላይ ከተገኘ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይገባል።

መፍትሄው ከጉብታው መውረድ ነው። ሰው በምድጃ ላይ አይተኛም፤ መሣሪያ የሚጠገነውና የሚታደረው ከጎኑ ስለሆነ፣ በጉብታውና በምንጩ መካከል ያለው ደልዳላ አስቀድሞ ይፈተን። ከተገለበጠው አፈር በታች ያልተነካ ሸክላማ ንብርብር ካለ ግን ቆሞ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ መጥራት ተገቢ ነው። በቤል ካውንቲ (የአስተዳደር ወረዳ) የሚገኘው ጎልት የተባለው ሥፍራ ለብዙ ዓመታት በክፍያ ሲቆፈር ኖሮ የላይኛው ንብርብር ተበላሽቷል፤ ከሥሩ ግን 13,000 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ክሎቪስ የተባሉት ጥንታዊ አዳኞች ንብርብር፣ ከዚያም በታች ከ16,000 ዓመት በላይ የሚገመቱ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ያን ንብርብር በአካፋ ያፈረሰ ሰው ያገኘውን ነገር ዕድሜ ራሱ እንኳ ማወቅ አይችልም።

ጉድጓዱን ወደ ጎን እየቦረቦሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ የተገለበጠ አፈር ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል፣ ሰውም ይገድላል።

ምልክት፦ ትልልቁ ይገኛል፤ ትንንሹ አይገኝም።

የወንፊቱ ዓይን ሰፊ ነው፤ ከስድስት ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ምክንያት ጥድፊያ ነው። ቀስት ወደዚያ አካባቢ የገባው ከ1,300 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ትልልቆቹ ጫፎች በአብዛኛው ከዚያ ቀደም በመወርወሪያ በትር ይወረወር የነበረ የጦር ጫፎች ናቸው። እንደ ስካሎርንና ፐርዲዝ ያሉት ቀጫጭኖቹ የቀስት ጫፎች ከላይኛው አፈር ውስጥ ይገኛሉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ያንኑ አፈር የሣር ሥር ብቻ ነው ብሎ ሳይነፋ ይደፋዋል።

ምልክት፦ አጥንት ታየ።

የሰው ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ ሥራው በዚያው ቅጽበት ይቁም፤ ምንም ሳይነሳ ለሸሪፉ፣ ማለትም ለካውንቲው ፖሊስ ኃላፊ ይነገር። መቃብር ማወክ በግል መሬትም ላይ ወንጀል ነው።

ምልክት፦ ፈቃድ አለኝ ያለ ሰው ከመሬቱ ተባረረ።

ፈቃዱን የሰጠው ተከራዩ ነው። መሬቱን ለግጦሽ ወይም ለአደን የተከራየ ሰው የማስቆፈር መብት የለውም። አጥርም ሁልጊዜ ወሰን አይደለም፤ ከአጥሩ ማዶ የፌዴራል መሬት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስራት ወይም እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። የካውንቲው የንብረት ግምት ቢሮ የመሬቱን ካርታና የባለቤቱን ስም ለሕዝብ ክፍት ስለሚያደርግ፣ አካፋ ከመጫኑ በፊት ያን ካርታ አትሞ ከባለቤቱ ጋር ወሰኑን በእግር መዞር ያስፈልጋል።