የትምህርት በጀት ቅነሳን የሚቃወም የተማሪዎች ሰልፍ እንዴት ይዘጋጃል?

መንግሥት ለትምህርት የሚመድበውን ገንዘብ ሲቀንስ ተማሪዎች አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት የበጀት ሰነዱን መስመር በመስመር ማንበብ ይኖርባቸዋል፤ በጀቱ በአኃዝ ጨምሮ ሳለ የመግዛት አቅሙ ሊወርድ ይችላልና። ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲዎች በጀት ከአምናው በ5 በመቶ ቢያድግና የዋጋ ንረቱ 15 በመቶ ቢሆን፣ 1.05 ለ1.15 ሲካፈል ገንዘቡ 9 በመቶ ገደማ አቅሙን እንዳጣ ይታያል። የተማሪው ቁጥር ከጨመረ ደግሞ የነፍስ ወከፍ ድርሻው ከዚያም ያንሳል። ይህን ስሌት፣ ከሚዘጉት ቤተ ሙከራዎችና ከሚቀነሰው ድጎማ ጋር በአንድ ገጽ ማስፈር ከየትኛውም መፈክር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ባለሥልጣኑ «በጀቱ እኮ ጨምሯል» ሲል መልስ የሚሆነው ይኸው ገጽ ነው።

ጥያቄው መቅረብ ያለበት የመወሰን ሥልጣን ላለው አካል፣ ያውም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጣሪያ ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ እንዲል የቀረበው ሐሳብ በ323 ለ302 ድምፅ ጸድቋል፤ ልዩነቱ 21 ብቻ ስለነበር፣ ከሰልፉ ጎን ለጎን እያንዳንዱን የምክር ቤት አባል በየምርጫ ክልሉ ማነጋገር ትልቅ ዋጋ አለው።

ውሳኔው የጥቂት መሪዎች ብቻ እንዳይሆን በየትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ተጠርቶ ድምፅ ይሰጥበት። በካናዳዋ ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ2012 ተማሪዎች በ5 ዓመት ውስጥ 1,625 ዶላር ሊጨመርባቸው የነበረውን ክፍያ በመቃወም ለወራት ትምህርት ሲያቆሙ ጥንካሬያቸው የመጣው ከእነዚህ ጉባኤዎች ነበር፤ ጭማሪውም በዚያው ዓመት ከምርጫ በኋላ በመጣው አዲስ መንግሥት ተሰርዟል። በትግሉ መካከል ግን 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚሳተፍበት ሰልፍ ከመጀመሩ ቢያንስ 8 ሰዓታት አስቀድሞ ለፖሊስ እንዲታወቅ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ነበርና፣ አዘጋጆች የአገራቸውን የማሳወቂያ ደንብ አስቀድመው በጠበቃ ማስመርመር አለባቸው።

በሰልፉ ዕለት አስተባባሪዎች ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ ይልበሱ፤ ውኃና የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫም ይዘጋጅ። የጠበቃው ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ክንድ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው፤ የተያዘ ተማሪ ሞባይሉን ሊነጠቅ ይችላል። የጥያቄው ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ቀርቦ በአንደኛው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምበት፤ መልስ የሚሰጥበት ቀነ ገደብም በደብዳቤው ውስጥ ይጠቀስ፤ ቀኑ ያለ መልስ ካለፈም ጉባኤው በማግስቱ ይጠራ።