አንድ ማክ አድራሻ፣ ሁለት ሱቅ

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ የሁለት ጎረቤት ሱቆች ኢንተርኔት አልስማማ አለ። የአንዱ ሲመጣ የሌላው ይጠፋል። ኬብል ቀየርኩ፣ ማገናኛ አጸዳሁ፣ ምንም። በሦስተኛው ቀን ራውተሮቹን ገልብጬ ጀርባቸውን ሳይ፣ አሥራ ሁለቱም የማክ አድራሻ (ዕቃው ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት መለያ) ምልክቶች ቁርጥ አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ማክ አድራሻ አይደገምም ብሎ መተማመን። በደንቡ አይደገምም። ርካሽ ዕቃ ላይ ግን ይደገማል፤ ሰውም ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ይቀይረዋል። ስዊች፣ መስመሮችን የሚያገናኘው ዕቃ፣ የሚያስታውሰው አድራሻው መጨረሻ የታየበትን ፖርት (መሰኪያ) ብቻ ነው። ሁለት ሰው በአንድ አድራሻ ሲመጣበት መልሱን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይልካል። ለዚህ መፍትሔው የደንበኞች መስመር የሚሰበሰብበት ዕቃ፣ ዲስላም ወይም ኦኤልቲ፣ ከቤት የመጣውን ማክ አውልቆ ለየመስመሩ ራሱ ያወጣውን እንዲያለብስ ማድረግ ነው። መልሱ ሲመጣ ደግሞ ወደ ዋናው ይመልሰዋል።

ይህን ከናት ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። ናት የሚቀይረው አይፒን፣ የኢንተርኔት አድራሻውን፣ ነው፤ ማክን አይደለም።

ባለሙያን ጭምር የሚጥለው ግን ፖስታውን ቀይሮ ደብዳቤውን መርሳት ነው። ማክ የሚጻፈው ፍሬሙ (የሚላከው የመረጃ ጥቅል) ራስጌ ላይ ብቻ አይደለም። ኤአርፒ፣ የአንድን አይፒ ማክ የሚያስታውቀው መልእክት፣ «የዚህ አይፒ ባለቤት ነኝ፣ ማኬ ይህ ነው» የሚለውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። እሱ ካልተቀየረ የላይኛው (የአቅራቢው) ራውተር የድሮውን ማክ መዝግቦ መልሱን ወደዚያ ይልካል፤ እዚያ ላይ በዚያ ስም የሚታወቅ የለም። ዲኤችሲፒም፣ አይፒ የሚጠየቅበት መልእክት፣ እንዲሁ የደንበኛውን ማክ ውስጡ ይጽፋል። ውጭና ውስጡን የሚያመሳክር ጥበቃ መንገድ ላይ ካለ፣ ጥያቄውን ይጥለዋል። ደንበኛው «መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ አይፒ ግን የለም» ብሎ ሲደውል እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ ላይኛው ሎግ (መዝገብ) ውስጥ መፈለግም ከንቱ ድካም ነው። እዚያ ያለው የተለወጠው ነው። ሁለተኛው ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም፣ እዚሁ የተሰጠ ነው።

የሁለቱ ሱቆች መስመር ላይ ለውጡ አልበራም ነበር። የአንዱን ራውተር ማክ የመጨረሻ ቁጥር ከ4 ወደ 5 ቀየርኩ። ሁለቱም መጣላቸው።

«ይኸው ነው እንዴ ሦስት ቀን ያስቀመጠን?» አለኝ ባለሱቁ።