የወረቀት ዝቃጭ ዘይት አልሰጥ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በትንሽ ሪአክተር (የተዘጋ ማሞቂያ ጋን) የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭና የማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ በካታሊስት ፓይሮሊሲስ፣ ማለትም ያለ አየር በማሞቅና ለውጡን በሚያግዝ ንጥረ ነገር (ካታሊስት)፣ ወደ ዘይትና ጋዝ ለምትቀይሩ ነው። ክዳንና ቧንቧ አየር እንደማያስገቡ አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ጀሪካኑ ውስጥ ቡናማ ውኃ ይበዛል፣ ዘይቱ ጥቂት ነው፣ ጋዙ ተለኩሶ ይጠፋል

ምክንያቱ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎንደር ውስጥ ተጠርቼ የማገኘው ብልሽት ሁሌም ለማለት ይቻላል ይኸው ነው። ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካታሊስቱን ነው። ጎንደር አጠገብ አዘዞ አንድ ወርክሾፕ ካታሊስቱን፣ ዜኦላይት የሚባለውን ማዕድን፣ በአዲስ ቀይረው፣ ያም አልሠራ ብሏቸው ነበር የጠሩኝ። ጆንያው ከላይ ሲነካ ደረቅ ነው፣ ዝቃጩ ነጭ ሆኗል። አንዱን ጓል ለሁለት ሰበርኩት፤ መሀሉ ጠቁሯል፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጥፍሬ ሥር ውኃ ቋጠረ።

ቴርሞካፕሉን (የሪአክተሩን ሙቀት መለኪያ) ተመልከቱ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁጥሩ እዚያ ላይ ተገትሮ ከቀረ ነዳጃችሁን የፈጀው ውኃ ማፍላት ነው። 60 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ ዝቃጭ 60 ኪሎ ውኃ ይዟል፤ ያንን ለማትነን ብቻ፣ ሙቀት ምንም ባይባክን እንኳ፣ ከ4 ሊትር በላይ ናፍጣ ይሄዳል። እንፋሎቱ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ዜኦላይቱን ያበላሻል፤ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ከቦታው ይነቀላል፣ ያ አይመለስም።

መፍትሄው፦ ጓሉን ሰባብሩ፣ በስሱ አስጡ፣ ሸራውን ከመሬት ከፍ አድርጉ። ክረምት ላይ ፀሐይን አትመኑ፤ የሪአክተሩን ጢስ ማውጫ ሙቀት በላሜራ ማድረቂያ ሥር አሳልፉት። ከዚያ ከጓሉ መሀል 100 ግራም ወስዳችሁ 105 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና መዝኑ። ከ90 ግራም በታች ከሆነ አትጫኑ። ይህን በእንጀራ ምጣድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ዝቃጩ ውስጥ የቀለምና የኬሚካል ቅሪት አለ፣ እባካችሁ ተዉ!

ምልክት፦ መጀመሪያ ጥሩ ዘይት፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ወፍራም ሬንጅ

ካታሊስቱ ላይ ካርቦን ተጋግሯል። ሪአክተሩን ባዶ አድርጋችሁ፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ አስወጥታችሁ፣ 550 ዲግሪ አካባቢ አየር በቀስታ እየለቀቃችሁ አቃጥሉት። ጋዝ ባለበት አየር ማስገባት ፍንዳታ ነው። ከተቃጠለም በኋላ ካልሠራ ከዝቃጩ ጋር ቀላቅላችሁት ይሆናል፤ ለወረቀት ማንጫ የሚገባው ካልሲየም ካርቦኔት ካታሊስቱ የሚሠራባቸውን አሲዳማ ቦታዎች ይዘጋል። ካታሊስቱ ለብቻው፣ በትነቱ መንገድ ላይ ይቀመጥ።

ምልክት፦ ኮንደንሰሩ (ትነቱን አቀዝቅዞ ዘይት የሚያደርገው) በሰም ይዘጋል

ፕላስቲክ ገብቷል። የካርቶን ቴፕና ላሚኔሽን ልቀሙ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ካለበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወጣና ብረቱን ይበላል።

ምልክት፦ ቤቱ ውስጥ ራስ ምታትና ማዞር

ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለውም። ሰዉን አውጡ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ግን አትክፈቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የርካሽ ጋስኬት ነው። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው የሚሸጡላችሁን አትግዙ፤ 500 ዲግሪ አይችልም። ግራፋይት ይሁን።

ምልክት፦ ሙቀቱ 500 ይላል፣ ከሰሉ ግን ገና ወረቀት ነው

ቴርሞካፕሉ ይዋሻል ወይም ግድግዳውን ነክቷል። መሀል አስገቡት፣ እየፈላ ባለ ውኃ ፈትሹት፤ እዚህ 93 አካባቢ ማሳየት አለበት።