ጎብኚው ገብቶ ሲወጣ፦ የሙዚየምና የእንስሳት ማሳያ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ማሳያ ስጠግን የሚገጥመኝ ችግር ዓይነቱ ብዙ አይደለም። የባህል አዳራሽ ይሁን፣ የትምህርት ቤት ሙዚየም ይሁን፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ የያዛቸው እንስሳት ይሁኑ፣ ስልክ ላይ የምሰማው ያው ነው፦ «ሰው ገብቶ ይወጣል፤ ምንም አያይም።» አምፖሉ መብራቱን፣ መስታወቱ መወልወሉን፣ በሩ በሰዓቱ መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ችግር፦ ጽሑፉን ማንም አያነብም

ከሌላው ሁሉ በላይ የምጠራው ለዚህ ነው። ባለቤቶቹ ምክንያቱን ከእኔ ቀድመው ይነግሩኛል። «የእኛ ሰው ማንበብ አይወድም።» እንዴት አይወድም? ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ሁሉ አንብቦ፣ ስቆ፣ ፎቶ የሚያነሳው ይኸው ሰው ነው። የማያነበው የእናንተን ሰሌዳ ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሰሌዳው አጠገብ ቁሙና ስልክ የምትነካኩ ምሰሉ። ሰው የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ፣ ለጓደኛው ምን እንደሚለው ልብ በሉ። አትጠይቁት። ከጠየቃችሁት «በጣም አሪፍ ነው፣ ብዙ ተምረንበታል» ይላችኋል። ይሉኝታ ይዞት ነው።

ብዙ ጊዜ የማገኘው ምክንያት ጽሑፉ ለኃላፊ እንጂ ለጎብኚ አለመጻፉ ነው። ኮሚቴ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ አንቀጽ ይጨምራል። አንዲት መስመር የሚቀንስ የለም፤ የቀነሰ ጠላት ያፈራል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ፍቼ ጫምባላላ የተሠራ ሰሌዳ አሳዩኝ። የላይኛው ሲሶ አርማ ብቻ ነው። ከዚያ በማን አስተባባሪነት፣ በማን ድጋፍ፣ በየትኛው በጀት ዓመት እንደተሠራ ይዘረዝራል። በዓሉ ራሱ የሚጀምረው ጉልበት አካባቢ ነው። እዚያም «የሲዳማ ብሔር የዘመን መለወጫ በዓል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረና...» እያለ አራት ነጥብ ሳይነካ እስከ ታች ይወርዳል። ሐዋሳ ያደገ ልጅ ይህን ምን ብሎ ያንብበው? በዓሉ የሚከበርበት አደባባይ ጉዱማሌ ሄዶ የጨፈረበት በዓል እኮ ነው!

በቦታው የሰቀልነው ይህንን ነው፦

«አንዲት ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ይበላል። ፍቼ የእሷ መታሰቢያ ነው ይባላል። ቀኑን ካላንደር አይነግርህም፤ አዋቂዎች ኮከብ አይተው ይቆርጡታል።»

የዩኔስኮው ዓመት ከሥር በትንሽ ፊደል ገባ። አርማዎቹ መውጫው ጋ አንድ ሰሌዳ ላይ ተሰበሰቡ። ማንም አልተቀየመም። እሺ፣ አንድ ሰው ተቀየመ።

ልኩን ለሚፈልግ፦ አንድ ሰሌዳ ከ50 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ቁረጡት። «ሲሆን» እና «እንዲሁም» የበዙበት ዓረፍተ ነገር ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለያዩት።

ቀጥሎ አቀማመጡ አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 ቤንጃሚን ጊልማን የተባለ የቦስተን ሙዚየም ሰው አንድ ጎብኚ ዕቃና ጽሑፍ ለማየት ሲያጎነብስ፣ ሲንጠራራ፣ አንገቱን ሲያጣምም ፎቶ አስነስቶ አሳትሟል። ድካሙን የሚያመጣው ሙዚየሙ ራሱ ነው ለማለት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። እኛ ጋ ሰሌዳው አሁንም ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፤ «ልጆች እንዳይነካኩት» ተብሎ። ልጅ ካልነካው ለማን ተሠራ?

ግድግዳ ላይ ከሆነ የሰሌዳው መሃል ከወለሉ 1.40 ሜትር አካባቢ ይሁን። አጥር ወይም መስታወት ፊት ከሆነ ግን ግድግዳውን እርሱት። ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ጎብኚው ያዘነበለ ሰሌዳ አድርጉ። ልጁም ያየዋል፣ በዊልቸር የመጣውም ያየዋል፣ እንስሳውንም አይጋርድም። ጽሑፉ ከዕቃው ጋር በአንድ እይታ ውስጥ ይግባ። ዕቃው ላይ ቁጥር ለጥፎ ዝርዝሩን በሩ ጋ የሚሰቅል ሰው አለ። ማንም ተመላልሶ አያነብላችሁም!

ፊደሉስ? የግዕዝ ፊደል ጭረቱ ብዙ ነው። «ጨ» እና «ጩ» ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ለእንግሊዝኛ የበቃ መጠን ለአማርኛ አይበቃም። በአንድ ሜትር ርቀት ለሚነበብ ጽሑፍ ከ32 ነጥብ (ኮምፒውተሩ ላይ የምትመርጡት የፊደል መጠን) በታች አልወርድም። ከሦስት ሜትር እንዲስብ የምትፈልጉት ርዕስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። ኒያላ ፎንት ወረቀት ላይ ያምራል፤ ባነር ላይ ግን ቀጫጭኑ መስመር ይጠፋል። ወፈር ያለና እኩል ውፍረት ያለው ፎንት ምረጡ። በፎቶ ላይ ጽሑፍ አትጫኑ። በተለይ በሐይቁ ፎቶ ላይ። በተለይ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ በተነሳው የሐይቁ ፎቶ ላይ። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ሁሉም ይህንኑ ፎቶ ይዞ ነው የሚመጣው።

ማተሚያ ቤት ስትልኩ ተጠንቀቁ። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ይበተናል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ የተበተነ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘሁ። ወራት ቆይቷል። ቅሬታ ያቀረበ አንድም ሰው አልነበረም! በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ሥርዓት ጻፉ፣ ፊደሉን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል) ቀይሩ፣ ፒዲኤፍ ላኩ። ከመታተሙ በፊት አማርኛ የሚያነብ ሰው ይየው። «ዲዛይነሩ አይቶታል» አይበቃም፤ ዲዛይነሩ የሚያየው ቀለሙን ነው።

የሐዋሳ ልዩ ጣጣ ሦስት ቋንቋ ነው። ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ። ሦስቱን በአንድ ሰሌዳ ሲጠቀጥቁት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። መፍትሄው ፊደል ማሳነስ አይደለም፤ ቃል ቀንሱ። ሲዳምኛ በላቲን ስለሚጻፍ ብዙ ቦታ እንደሚወስድ ከወዲሁ አስቡ። እያንዳንዱ ቋንቋ በሁሉም ሰሌዳ ላይ ያው ቦታ፣ ያው ቀለም ይኑረው። ጎብኚው ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ ዓይኑ ራሱ ያገኘዋል። ሲዳምኛውን ደግሞ ሲዳምኛ ተናጋሪ ይጻፈው፤ ከአማርኛ አይተርጎም። ስለ ቡሪሳሜ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሰው ካልቆመ፣ ጽሑፉ ማንም ያልጠየቀውን እየመለሰ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ግቢ የአባ ኮዳ፣ የዚያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ሰሌዳ ነበረው። በሳይንሳዊ ስሙ «ሌፕቶፕቲሎስ ክሩሜኒፈር» ብሎ ጀምሮ በክብደትና በክንፍ ስፋት ይጨርሳል። ሰዉ ከሥሩ ቆሞ የሚጠያየቀው ሌላ ነው። «እግሩ ምን ሆኖ ነው የነጣው?» «ራሱ ለምን ተመለጠ?» ዓሣ የሚበልቱት ልጆች እንደመሰላቸው ይመልሱላቸዋል። እኛ ጥያቄውን ራሱን በትልቁ ጻፍነው፦ «እግሩን ማን ነጭ ቀባው?» መልሱን በሚገለጥ ክዳን ሥር አደረግነው፦ «ራሱ። ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል፤ ሲተን ያቀዘቅዘዋል።» ሁለተኛው ክዳን ሥር ደግሞ ራሰ በራነቱ ጥንብ ውስጥ ሲገባ ደም ላባው ላይ እንዳይጋገር እንደሚጠቅመው ተጻፈ። ልጆቹ «ኡፍ!» እያሉ እናታቸውን እየጎተቱ ያመጣሉ።

ጉሬዛ ላይም እንዲሁ ነው። «እጁን ተመልከት፤ ስንት ጣት ቆጠርክ?» አውራ ጣቱ የለም ማለት ይቻላል፤ ጉጥ ብቻ ናት። ሰው ይህን ሲያነብ ጽሑፉን ትቶ ወደ ዛፉ ያንጋጥጣል። ጥሩ ሰሌዳ የሚባለው ይህ ነው፤ ዓይንን ወደ እንስሳው የሚመልስ። ግልገሉ ሙሉ ነጭ ሆኖ ተወልዶ በሦስት ወር አካባቢ ጥቁርና ነጭ እንደሚሆን ጨምሩበት። ነጭ ግልገል ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ።

ችግር፦ ጎብኚው እንስሳውን ይመግባል

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጦጣዋ ከሰው እጅ ኦቾሎኒ ትቀበላለች፣ ሁሉም ቪዲዮ ያነሳል። «መመገብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይህን አያቆምም። ሰውየው የመጣው ከእንስሳው ጋር አንድ ነገር ለማድረግ ነው። ክልከላ ብቻ ስትሰጡት እጁን ባዶ አደረጋችሁት።

ሌላ ሥራ ስጡት። ጠባቂው በተወሰነ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ ራሱ እየመገበ ያስረዳ። ሰዓቱ በር ላይ ይጻፍ፤ ከተጻፈ ደግሞ ይከበር። ምክንያቱንም ንገሩት፦ ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ ክፍልፋይ አለው፣ ቅጠሉን የሚያብላሉለት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዳቦና ሙዝ ሲገባበት ይታመማል። ጦጣዋም ለምዳ ለምዳ አንድ ቀን ያልሰጣትን ልጅ ትነክሳለች። በር ላይ ያለውን ኦቾሎኒ ሻጭ አታባርሩት፤ ነገ ከአጥሩ ማዶ ይሸጣል። የሚሸጠውን እንዲቀይር ተነጋገሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስቲከር ዝንጀሮና ጦጣ ባለበት አትለጥፉ። ጫፉን ይዘው እንደ ሙዝ ይልጡታል። ላሜራ ላይ አሳትሙና በብሎን እሰሩት።

ችግር፦ እንስሳው አይታይም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ በአራቱም በኩል ሰው ከቦታል። መደበቂያ ሲያጣ ሩቁ ጥግ ገብቶ ይተኛል። ከዚያ ልጆች ጠጠር ይወረውራሉ፤ ከዚያ ይብስበታል። ሦስቱን ጎን በተክል ጋርዱ፣ መመልከቻውን በአንድ ጎን ብቻ ተዉ። ጥላና ከፍ ያለ ማረፊያ መመልከቻው አጠገብ አድርጉለት። ምግቡን በትኑለት፤ ሲፈልግ ይታያል። ጀርመናዊው የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ ሐምቡርግ አጠገብ ብረቱን ነቅሎ በቦይ ብቻ የከለለ መካነ እንስሳት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ዛሬም «ትንሽ ወፍራም ፌሮ ብንጨምርበትስ?» የሚለኝ ሰው አለ።

ችግር፦ የሚጫነው ቁልፍ ሞቷል

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ የድምፅ ማጉያውን አቃጥሎታል፣ ወይም ርካሹ ቁልፍ ስፕሪንጉ ወጥቷል። መጀመሪያ እነዚህን እዩ። ስታቢላይዘር አስገቡ፤ ቁልፉን ለፋብሪካ ማሽን ከሚሠራው ዓይነት ግዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ነገር ነው፦ ክዳን፣ እጀታ፣ የሚሽከረከር ጎማ። ክዳኑ ላይ የቁምሳጥን ማጠፊያ አትግጠሙ፤ የትምህርት ቤት ጉብኝት አንድ ሳምንት አያስቆየውም። የበር ማጠፊያ ነው የሚችለው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለ የሳይንስ ሙዚየም፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ጀምሮ ወርክሾፑን ጎብኚ እያየው ይሠራበታል። የሚሰበረውን እዚያው ይጠግኑታል። እናንተ ወርክሾፕ ባይኖራችሁ መለዋወጫና አንድ መፍቻ መሳቢያ ውስጥ ይኑር። «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጥፎ መርሳት ነውር ነው።

ችግር፦ የባህል ልብሱ ነጣ፣ እንጨቱ ዱቄት አራገፈ

ልብሱን የበላው ብርሃን ነው። ለጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ አይፈቀድም፤ ያ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው። መስኮቱን ጋርዱ፣ ልብሱን በየጥቂት ወሩ አሳርፉት። የነጣ ቀለም አይመለስም። ዱቄቱ ነቀዝ ነው። ዕቃውን በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። አውጥታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሳትከፍቱ ተዉት፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። የበረሮ መድኃኒት አትንፉበት። ደግሜ እላለሁ፣ የበረሮ መድኃኒት አትንፉበት! ቀለሙን ያበላሻል፣ ዕቃውን የሚነካውን ሰውም ይመርዛል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

መስታወቱ የጎብኚውን ፊት ብቻ ያሳያል፦ ውድ መስታወት ከመግዛታችሁ በፊት ትይዩ ያለውን መስኮት ጋርዱ፣ መብራቱን ወደ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ።

ሳጥኑ ውስጥ ጤዛ አለ፦ ቀን በአምፖሉ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ኤልኢዲ አድርጉ፣ ትራንስፎርመሩን ከሳጥኑ አውጡ።

የመጨረሻው ክፍል ባዶ ነው፦ ወንበር የለም። ወንበር አስገቡ።

ሳጥኑ ውስጥ ዝንብ አለ፦ እውነተኛ ቆጮ አስቀምጣችኋል። አውጡት።

የቆርኬ ቀንድ ተሰቅሏል፣ ማንም አይቆምለትም፦ የስዋይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጭ እንደሌለ፣ በሕይወት ያለውን ለማየት ደግሞ የስንቅሌ የቆርኬ መጠለያ ከዚህ ሩቅ እንዳልሆነ ጻፉበት።

«እውነተኛው ነው?» እያሉ ያስቸግራሉ፦ ቅጂ ከሆነ ቅጂ ነው በሉ፣ እዚያው ሰሌዳው ላይ። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ የሚታየው የድንቅነሽ አጽም ቅጂ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ዋናው አጥንት ተለይቶ ይጠበቃል። ይህን ማወቁ ማንንም ከመሄድ አላስቀረም።