ስሌቱን ሠርተው ፅንሰ ሐሳቡን ለሚሳሳቱ ተማሪዎች የሠራልኝ መፍትሔ

የመጀመሪያ ዓመት የመካኒክስ (የኃይልና የእንቅስቃሴ ፊዚክስ) ተማሪዎቼ የኃይል ስሌቶችን በትክክል ይሠሩ ነበር። ከባድ መኪና ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ የትኛው የበለጠ ኃይል እንደሚያሳርፍ ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ «ከባዱ» ይሉኛል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሁለቱ ኃይሎች እኩል ናቸው፤ የሚለያየው እያንዳንዱ መኪና የሚደርስበት የፍጥነት ለውጥ ነው።

በመጀመሪያ ተጨማሪ ምሳሌዎችን በሰሌዳ ላይ ሠራሁ፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ማብራሪያውን በአዲስ ስላይድ ደገምሁት፤ «ገባን» ቢሉም በፈተና ላይ ያው ስሕተት ተመለሰ። ከዚያም የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያዳበረውን፣ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚማማሩበትን ዘዴ ሞከርሁ፤ ነገር ግን ጥያቄውን እንዳነሣሁ ወዲያው እንዲወያዩ በመፍቀዴ ሁሉም በልበ ሙሉነት የሚናገረውን ጓደኛቸውን ተከተሉ።

የሠራው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። አራት ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች ተማሪዎች በፈተና ላይ በእርግጥ ከጻፏቸው መልሶች የተወሰዱ ናቸው፤ ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚወስደውም ይህ ዝግጅት ነው። ሁሉም ለሁለት ደቂቃ ያህል ብቻቸውን በዝምታ አስበው የመረጡትን ፊደል የያዘ ካርድ በአንድ ጊዜ ያነሣሉ። ትክክለኛውን መልስ የመረጡት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ፣ መልሱን ሳልገልጽ፣ የተለየ ምርጫ ካለው ጎረቤታቸው ጋር እንዲከራከሩ አድርጌ እንደገና አስመርጣለሁ። ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ርእሱን ከሌላ አቅጣጫ አስተምራለሁ፤ ከ70 በላይ ከሆኑ በአጭር ማብራሪያ አልፋለሁ።

በቀጣዩ ፈተና መኪኖቹን በበረዶ ላይ በሚገፋፉ ሁለት ሰዎች ተክቼ ስጠይቅ፣ አብዛኞቹ ሁለቱ ኃይሎች እኩል መሆናቸውን የሚያሳዩ፣ እኩል ርዝመት ያላቸውን ተቃራኒ ቀስቶች ሣሉ።